ወንዝ ዳር በአርቪ ለማደር፦ ስለ ሃርፐርስ ፌሪ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጁላይ ላይ አርቪ (አልጋ፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ያለውን የጉዞ መኪና) ተከራይተን ዌስት ቨርጂንያ ውስጥ ባለችው ሃርፐርስ ፌሪ አካባቢ ወንዝ ዳር ሦስት ሌሊት ለማደር አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ10 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ማናችንም አርቪ ነድተን አናውቅም። ምን ዓይነት ቦታ እንያዝ? የኤሌክትሪክ ምጣዴን ብወስድ ይሠራል? ቡናስ ውስጥ ማፍላት ይቻላል?»

እህቴ፣ ሂዱ። ለልጆቹም ለእናትሽም ጥሩ ነው። እኔ ላለፉት 11 ዓመታት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አርቪ ስጠግን ነው የኖርኩት። ኤሌክትሪኩን፣ የውሃ መስመሩን፣ የፍሳሹን፣ ጣሪያውን። ሐበሻ ደንበኞች ከጉዞ ሲመለሱ የሚነግሩኝ ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ነገር ይነሳል፤ አርቪውን እንደ መኪና ስላሰቡት ነው። እናንተ እንደ ቤት ቁጠሩት። ነድታችሁ ታደርሱታላችሁ፣ ታቆሙታላችሁ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የቤታችሁን መኪና ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤትሽ አርቪውን ይንዳ፣ አንቺ እናትሽንና ልጆቹን ይዘሽ ከኋላ ተከተይ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አርቪ አንዴ ከመብራቱ፣ ከውሃውና ከፍሳሹ ጋር ከተገናኘ በኋላ ወተት ለመግዛት እንኳ ለመውጣት ሁሉንም መንቀል፣ ዕቃውን ሁሉ ማሰር፣ ሲመለሱ እንደገና ማስተካከል አለ። ሃርፐርስ ፌሪ ደግሞ የታችኛው ከተማ ጠባብ ነው፤ ያን የሚያህል መኪና የምታቆሚበት ቦታ የለውም። ጎብኚው መኪናውን ኮረብታው ላይ ካለው የፓርኩ ማዕከል አቁሞ በፓርኩ አውቶቡስ ነው የሚወርደው። ሌላም አለ፤ የልጅ ወንበር ፊቱን ወደፊት ባዞረ መቀመጫ ላይ በደንብ መታሰር አለበት፣ የአርቪ ሶፋና የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ደግሞ ለዚያ አልተሠሩም። የ6 ዓመቱ ልጅ በቤታችሁ መኪና፣ በለመደው ወንበር ላይ ቢሄድ እኔም ልቤ ያርፋል።

አሁን ወደ ቦታው። «ወንዝ ዳር» ሲባል ደስ ይላል፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ እወቂ። ሃርፐርስ ፌሪ ፖቶማክና ሸነንዶዋ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱም ከሩቅ ተራራ ነው የሚመጡት። ከተማው ውስጥ ሸነንዶዋ ጎዳና ላይ አንድ ሕንፃ አለ፤ ግድግዳው ላይ በተለያዩ ዓመታት የመጣው ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ ተጽፎበታል። ልጆቹን ወስደሽ አሳያቸው። ከሁሉም በላይ ያለው የማርች 1936ቱ ነው፤ ወንዙ 36.5 ጫማ ደርሶ ነበር፣ 11 ሜትር ማለት ነው። በ1972 እና በ1996ም ከባድ ጎርፍ ነበር፣ 1996 ላይ እንዲያውም ሁለቴ። ፖቶማክን ተከትሎ የሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ጀልባ ማመላለስ ያቆመውም ከ1924ቱ ጎርፍ በኋላ ነው። ይሄን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። እዚያ ወንዝ ዳር ያለ ካምፕ ግራውንድ (አርቪና ድንኳን የሚያድርበት ቦታ) ሁሉ የተሠራው ወንዙ ሲሞላ የራሱ በሆነ መሬት ላይ መሆኑን እንድታውቂ ነው።

ጁላይ ላይ የሚያሰጋው ነጎድጓዳማ ዝናብ ነው። ዝናቡ እናንተ ያላችሁበት ላይ ጭራሽ ላይጥል ይችላል። ከላይ ተራራው ላይ ከጣለ ግን ውሃው በማግስቱ ይደርሳል። የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የወንዙን ከፍታ ለሃርፐርስ ፌሪ ለይቶ በየሰዓቱ ያወጣል፣ የሚቀጥሉት ቀናት ትንበያም አለው። የጎርፍ ደረጃ የሚባለው እዚያ 18 ጫማ ነው። በስልክሽ ክፈቺና ጠዋትና ማታ እዪው። መስመሩ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ሠራተኞቹ መጥተው በር እስኪያንኳኩ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሰብስባችሁ ውጡ። አርቪን ነቅሎ ለመውጣት ለጀማሪ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በጨለማና በዝናብ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ቦታ ስትይዢ ታዲያ ብዙ ሰው የሚሻማበትን የመጀመሪያውን ረድፍ ትተሽ ሁለተኛውን ጠይቂ። ውሃው ከዚያም ይታያል። መሬቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ የበለጠም ደረቅ ነው፣ ልጆች በር ከፍተው ሲሮጡም ፊት ለፊታቸው ወንዝ አያገኙም። ስትደውዪ አራት ነገር ጠይቂ፦ መብራቱ 30 አምፕ ነው ወይስ 50? ውሃ ቦታው ድረስ ይመጣል? የፍሳሽ መስመር አለው ወይስ የጋራ መድፊያ ብቻ ነው? መሬቱስ ጠጠር ነው ወይስ ሣር? ሣር ከሆነና ከዘነበ ያ ከባድ መኪና ይቀበራል። ወንዝ ዳር ያሉ ቦታዎች ብዙ ጊዜ የራሳቸው የፍሳሽ መስመር የላቸውም፣ ይሄ የተለመደ ነው። ሁሉም መስመር የግድ ከሆነብሽ ከኮረብታው ላይ ያዢና ወንዙን በመኪና እየወረዳችሁ እዩ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ማንም ቀድሞ አይነግርሽም። ባቡር። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ወንዙ፣ ቦዩና ሐዲዱ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፤ ሌላ ሜዳ መሬት የለምና። ሌሊቱን ሙሉ ረጃጅም የጭነት ባቡሮች ያልፋሉ፣ መሻገሪያ ሲደርሱም ያጮሃሉ። ልጆች በአንድ ሌሊት ይለምዱታል። እንቅልፍ የሚቸግራቸው ሰው ግን አይለምዱትም። እናትሽ እንዴት እንደሚተኙ አንቺ ታውቂያለሽ። እንቅልፋቸው ቀላል ከሆነ ኮረብታው ይሻላቸዋል።

ባቡሩ ግን ጥቅምም አለው። ከሃርፐርስ ፌሪ በታች 6 ማይል ያህል ላይ፣ በሜሪላንድ በኩል፣ ብሩንስዊክ የምትባል የባቡር ከተማ አለች። ፖቶማክ ዳር ካምፕ ግራውንድ አላት፤ ከጣቢያው አጠገብ ሐዲዱን ተሻግረሽ ነው የምትገቢው። ማርክ የሚባለው የሠራተኛ ባቡር በሥራ ቀናት ጠዋት ከዚያ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ዋሽንግተን ይገባል፣ ማታ ይመለሳል። ባለቤትሽ ፈቃድ ካላገኘ እናንተን አድርሶ ከሥራው በባቡር መመላለስ ይችላል። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ከሄዳችሁ ካምፑ ባዶ ይሆንላችኋል፤ የሳምንቱ መጨረሻ፣ በተለይ የጁላይ 4 ሰሞን፣ ቀድሞ ይያዛል። ቅዳሜና እሑድ ማርክ በዚያ መስመር ስለማይሠራ በእሱ አትተማመኑ።

ምጣዱ። ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይሰካና ይቸገራል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 30 አምፕ በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ነው። አርቪው በሙሉ፣ ያለው ሁሉ፣ ከዚህ ላይ ነው የሚካፈለው። የጣሪያው ኤሲ ሲሠራ 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በጣም ይበልጣል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከተደረገ 1,400 ገደማ። ማይክሮዌቭ ከ1,000 በላይ። እዚህ አገር የሚሸጠው የእንጀራ ምጣድም 1,500 ዋት አካባቢ ነው፤ ከሥሩ የተለጠፈውን አንብቢ። ኤሲና ምጣድ ብቻ ሲሆኑ ይበቃል፣ በጭንቅ። ማሞቂያው በመሀል ከተነሳ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራም እዚያው ይቀራል። 50 አምፕ ቦታ ካገኘሽ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት የ120 ቮልት መስመር ስላለው 12,000 ዋት ይሰጣል፣ ከሦስት እጥፍ በላይ። ያ የሚጠቅመው ግን የተከራየሽው አርቪ ራሱ ባለ 50 ከሆነ ነው። ባለ 30ውን በማገናኛ ብትሰኪው ያው 30 ነው የምታገኚው።

መፍትሔ አለው። የካምፑ የመብራት ሳጥን ላይ ከትልቁ ሶኬት ጎን ብዙ ጊዜ ተራ ባለ 20 አምፕ ሶኬት አለ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። ምጣዱን ከአርቪው ሳይሆን ከዚያ ሰኪው። ውጪ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆች በማይሮጡበት በኩል። ማስረዘሚያው ወፍራም ይሁን፣ 12 ቁጥር ሽቦ፣ በተቻለ አጭር። ቀጭን ማስረዘሚያ ምጣድ ሲጎትትበት ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። አምስት ደቂቃ ካሠራሽ በኋላ በእጅሽ ዳስሺው፤ ከሞቀ ንቀይ። ዝናብ ከመጣም ንቀይ።

እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ ለሦስት ቀን ከሆነ እኔ ቤት ጋግሬ ነው የምሄደው። ቡሆ በጁላይ ሙቀት መኪና ውስጥ ገንፍሎ መክደኛውን ይከፍታል። የምጣዱ መወልወያ፣ ሰፌዱ፣ አክንባሎው፣ ሊጡ፣ ውሃው... ያቺ ጠባብ ቦታ አትችለውም። ለመሄድ ባሰብሽበት ዋዜማ ጋግሪ፣ በደንብ ይብረድ፣ ከዚያ ጠቅልለሽ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ። ወጡን በረዶ አድርጊና ያዢ። በነገራችን ላይ የብዙ አርቪ ፍሪጅ እንደ ቤቱ አይደለም፤ ለመቀዝቀዝ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፣ መኪናው ደግሞ ደልዳላ ላይ ካልቆመ በደንብ አይሠራም። አርቪውን ስትረከቢ ፍሪጁን ቀድመው አብርተው እንዲያቆዩሽ ጠይቂ። ቤት ደጃፍ ላይ አቁመሽ ለማቀዝቀዝ ከፈለግሽ በማገናኛ ከተራ ሶኬት ሰክተሽ ፍሪጁን ብቻ አብሪ። ማንም ኤሌክትሪሺያን ነኝ የሚል ጓደኛ «30 አምፕ ሶኬት ልሥራልህ» ቢላችሁ እንዳትሞክሩት። ቤት ውስጥ 30 አምፕ ሲባል ብዙው ሰው 240 ቮልት ነው የሚዘረጋው፣ አርቪው ደግሞ 120 ነው የሚፈልገው። በዚህ ምክንያት ቴሌቪዥኑም፣ ማይክሮዌቩም፣ ቻርጀሩም አንድ ላይ የተቃጠለ አርቪ ጠግኜ አውቃለሁ።

ቡናውን በሚመለከት በጣም ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ከሰል ወደ አርቪ ውስጥ አይገባም። አንድ ፍም እንኳ፣ መስኮት ከፍቼም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። አገር ቤት «የከሰል ጭስ አፍኗቸው» ሲባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። እዚያ ቤቱ ቀዳዳ አለው፣ በሩ ይከፈታል። አርቪ ግን ዝናብና ብርድ እንዳይገባ ታሽጎ የተሠራ ትንሽ ሳጥን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ያስተኛል። ከሰሉ የጠፋ መስሎሽ ለሙቀት ወይም ዝናብ እንዳይመታው ብለሽ አታስገቢው። ጀነሬተርም እንደዚያው ነው፤ በሌሊት እያሠሩ መተኛት አያስፈልግም። አርቪውን ስትረከቢ የጋዝ መጠቆሚያውን ቁልፍ ተጭነሽ መጮኹን አረጋግጪ፣ ጀርባው ላይ ያለውን የማለቂያ ዓመትም እዪ። ጊዜው ካለፈበት ቀይሩልኝ በይ፣ እምቢ ካሉ አትረከቢ።

ውጪ ግን ነፃ ነሽ። ከጥላው ወጣ ብለሽ፣ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ቡናሽን ቁዪ። ጀበናውን ጣጂ። ዕጣኑንም አጭሺ። ውስጥ ብታጨሽው የጭስ መጠቆሚያው ይጮሃል፣ ሽታው መጋረጃና ፍራሹ ላይ ቀርቶ አከራዩ ከዲፖዚትሽ ሊቆርጥ ይችላል፤ የበርበሬ ቁሌትም እንዲሁ፣ ውጪ ይቁላላ። ካምፕ ላይ ጎረቤት ሽታውን ተከትሎ መጥቶ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ስኒ ጨምረሽ ያዢ። የጸጥታ ሰዓት አብዛኛው ቦታ ላይ ከምሽቱ 10 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት ሙዚቃም ጀነሬተርም ይጠፋል። እንጨት ከቤት አትውሰጂ፣ እዚያው ገዝተሽ አንድዱ። በእንጨት ውስጥ የሚጓዝ ነፍሳት የዚህን አካባቢ የአሽ ዛፎች ጨርሷቸዋል።

ውሃና ሽንት ቤት። አርቪ ሦስት ታንክ አለው፦ ንጹሕ ውሃ፣ ግራጫው፣ ጥቁሩ። ግራጫው የመታጠቢያና የዕቃ ማጠቢያ፣ ጥቁሩ የሽንት ቤት ነው። ለአምስት ሰው መጀመሪያ የሚሞላው ግራጫው ነው፣ ሻወር ስለሚሞላው። በካምፑ መታጠቢያ ቤት ታጠቡ፣ የአርቪውን ሻወር ለእናትሽና ለሌሊት አቆዩት። የወጥ ዘይት ወደ ማጠቢያው አይደፋም፤ በሶፍት ጠርጋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። የጥቁሩ ታንክ መክፈቻ እስክትደፉ ድረስ ዝግ ይሁን። የፍሳሽ መስመር ላይ ብትሆኑም ዝግ ይሁን! ክፍት ከተተወ ውሃው ይሄድና ደረቁ ይከመራል፣ ከዚያ ያንን ለማስለቀቅ ወደ እኔ ዓይነት ሰው ነው የሚመጣው። ሽንት ቤት በተጠቀማችሁ ቁጥር ብዙ ውሃ ልቀቁበት፣ ቶሎ የሚሟሟውን የአርቪ ሶፍት ተጠቀሙ፣ እርጥብ መጥረጊያ በፍጹም። ስትደፉ ጓንት አድርጋችሁ ጥቁሩን አስቀድሙ፣ ግራጫውን ከኋላ ልቀቁት፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። የመጠጥ ውሃ ቱቦ ለብቻው መሆን አለበት፤ በመጠጥ ቱቦ የፍሳሹን ቱቦ ማጠብ አይፈቀድም ብለሽ ለቤተሰቡ ንገሪ። የግፊት መቀነሻም ከቧንቧው ላይ ግጠሙ፤ የአንዳንድ ካምፕ ግፊት የአርቪ ቱቦ ይበጥሳል።

መንዳቱ አይከብድም፣ ግን ልምምድ ይፈልጋል። ለእናንተ የሚሆነው 25 ጫማ አካባቢ ያለው፣ ከሹፌሩ ወንበር በላይ አልጋ ያለው ዓይነት ነው። ከ26,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ ያላችሁ ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። የእሱን ቁመት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው ፊት ለፊት ለጥፉ። ወደ 11 ወይም 12 ጫማ ይሆናል። የሰፈራችሁ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ፣ የፈጣን ምግብ መስኮት፣ ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ... የማየው የጣሪያ ጉዳት አብዛኛው ከዚህ ነው። ባለቤትሽ ከመንገዱ በፊት ባዶ የገበያ ማቆሚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይለማመድ። ሲታጠፍ ኋላው ወደ ተቃራኒው ይወጣል፤ አጠገቡ ያለ መኪና ወይም ምሰሶ ይነካል። ወደ ኋላ ሲሄድ አንቺ ውረጂና በመስታወት በምትታዪበት ቆመሽ ምሪው፤ ካላየሽ ያቁም።

መንገዱ በ270 ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በ340 ወደ ምዕራብ ነው። ዓርብ ከሰዓት 270 ላይ አትግቡ። ሳንዲ ሁክ የሚባለው ወንዝ ዳር ያለው መንገድ አሳጥራችሁ ልታልፉበት የሚመስል ነው፣ ስልኩም ሊመራችሁ ይችላል፣ ግን በአንድ በኩል ገደል በአንድ በኩል ሐዲድ ያለው ጠባብ ነው፤ በአርቪ አይሞከርም። አርቪውን ከባልቲሞር ማዶ ከተከራያችሁ ደግሞ በሁለቱ የወደቡ ዋሻዎች አትምጡ። ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ጋዝ የያዘ መኪና እዚያ አይገባም፣ የአርቪው ታንክ ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ከተማውን በ695 በምዕራብ በኩል ዙሩት።

እናትሽን የኋላውን አልጋ ስጧቸው። የላይኛው አልጋ መሰላል አለው፣ የጠረጴዛው አልጋ ደግሞ ሌሊት ለሽንት ለመነሳት ይከብዳል። የመግቢያው ደረጃ ለጉልበት ከፍ ያለ ነው፤ ሰፊና የማይንሸራተት መረገጫ ገዝታችሁ ከሥሩ አድርጉ፣ አንድ ሰው እጃቸውን ይያዛቸው። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳቸው ይሁን፣ ከፊት መስታወቱ አጠገብ አይቀመጥ፣ ይግላል።

ወንዙ ውስጥ መግባት። ፖቶማክና ሸነንዶዋ ላይ ላዩን ጸጥ ብለው ከሥር የሚጎትቱ ወንዞች ናቸው፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል፣ እግርን ይይዛል። በየዓመቱ ሰው ይወስዳሉ። ልጆቹ ውሃው አጠገብ በሄዱ ቁጥር የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበሱ፣ ድንጋይ ለመወርወርም ቢሆን። ውሃው ውስጥ መጫወት ከፈለጉ ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር በጎማ ጀልባ ውሰጃቸው፣ ዕድሜያቸውን ተናግረሽ። ማታ ማታ ደግሞ ገላቸውን ፈትሺ፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ጉልበት ኋላ። እዚህ አካባቢ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግም አይነካም፣ ያሳክካል።

ከተማውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። ዝም ብላችሁ አይስክሬም በልታችሁ እንዳትመለሱ። ጆን ብራውን ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ማታ ባርነትን በጦር መሣሪያ ለማፍረስ የመንግሥቱን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የያዘው እዚህ ነው። 21 ተከታዮች ነበሩት፣ አምስቱ ጥቁሮች። ከእነሱ አንዱ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ይባላል፤ ሚስቱና ልጆቹ ቨርጂንያ ውስጥ ገና በባርነት ነበሩ። ሲገደል ሚስቱ የጻፈችለት ደብዳቤዎች ከላዩ ላይ ተገኙ። ብራውን የተመሸገባት ትንሽ የጡብ ቤት፣ የእሳት ማጥፊያ ጋሪ የሚቀመጥባት የነበረችው፣ አሁን በታችኛው ከተማ ቆማለች። ኦክቶበር 18 በሮበርት ሊ የሚመሩ ወታደሮች በሯን ሰብረው ያዙት፣ ዲሴምበር 2 ደግሞ አጠገቧ ባለችው ቻርልስ ታውን ተሰቀለ።

ኮረብታው ላይ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ለነፃ የወጡ ጥቁሮች የተከፈተው የስቶረር ኮሌጅ ሕንፃዎች አሉ። እስከ 1955 ሠርቷል። የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናምዲ አዚኪዌ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በኦገስት 1906 ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስና ጓዶቻቸው ለጥቁሮች እኩልነት የታገለውን የናያጋራ ንቅናቄ ስብሰባ ያደረጉት እዚህ ነው። ያኔ ያቺ ብራውን የተመሸገባት ቤት ከከተማው ወጣ ያለ እርሻ ላይ ነበረች፤ እዚያ ድረስ በጠዋት በሰልፍ ሄዱ፣ መሬቱ የተቀደሰ ነው ብለው ጫማቸውን አውልቀው የሄዱም ነበሩ። ይሄን ለእናትሽ ንገሪያቸው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ማውለቅን የሚያውቁ ናቸው፣ ማንም ሳያብራራላቸው ይገባቸዋል።

በእግር ለእሳቸው የሚሆነው ታችኛው ጎዳናና ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ነጥብ ነው። ሜዳ ነው፣ ቁጭ ብለው ውሃውን ማየት ይችላሉ። የድንጋይ ደረጃው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ከላይ ያለው የጄፈርሰን ድንጋይ ለጉልበታቸው አይሆንም። ሜሪላንድ ሃይትስ የሚባለው ተራራ ደርሶ መልስ 4.5 ማይል ገደማ ነው፣ ዳገቱ ይበረታል፤ ባለቤትሽና ትልቁ ልጅ በጠዋት ይውጡት፣ ከላይ ከተማው በሁለቱ ወንዞች መሀል እንዳለ ይታያል። ትልቁ ልጅ ዘንድሮ 4ኛ ክፍልን ከጨረሰ ደግሞ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የብሔራዊ ፓርክ ነፃ መግቢያ እስከ ኦገስት 31 ይሠራለታል፣ አብሮት በአንድ መኪና ያለው ቤተሰብም ይገባበታል። ከቤት ሳትወጪ አውጥተሽ ያዢ።

አርቪውን ከመክፈልሽ በፊት ርዝመቱን፣ የመብራቱን አምፕና ካምፑ የሰጠሽን የቦታ ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ። አይቼ እነግርሻለሁ። ስትረከቢው ደግሞ ቪዲዮ እያነሳሽ ዙሪያውን፣ ጣሪያውን፣ የጎማዎቹን ጎን ላይ ያለውን የምርት ቀን ሳይቀር ቅጂ፤ የጎማው ቀን ከስድስት ዓመት ካለፈ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ ሌላ መኪና ጠይቂ።